ከውስጥ የማይከፈት በር

የካቲት 2

አባዬን ለጉልበቱ ሕክምና ወሰድኩ። በዚያው የሰፋሁትን መጋረጃ ለደንበኛ ለማድረስ... ከኋላ የታጠፈ ጨርቅ፣ ከፊት አባዬ። አደባባዩን ስዞር በሩን ከፈተው። መኪናዋ እየሄደች! ክንዱን ለቀም አድርጌ ያዝኩት፣ መሪው በአንድ እጄ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን ለቀቀብኝ፣ ስድብም መረቀልኝ።

"ምን ሆነህ ነው አባዬ?"

"ወራጅ አለ" አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል። አሁን ጭንቅላቱ ውስጥ ሁልጊዜ የሚወርድ ሰው አለ። እኔን ረዳቱ አድርጎኛል። ልጁ መሆኔን የሚያስታውስበት ቀን እየሳሳ ነው።

የካቲት 3

ከኋላ ላስቀምጠው ሞከርኩ። አሻፈረኝ አለ። "ሹፌር ከኋላ ሲቀመጥ የት አይተሻል?"

እውነቱን ነው። የት አይቻለሁ?

የካቲት 5

ወንድሜ ደወለ። ታላቄ ነው፣ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ስለ በሩ ነገርኩት።

"ቆልፊዋ!"

እቆልፋለሁ። መስታወቱ ሥር ያለችውን ዘንግ ሳብ አድርጎ ይከፍታታል። መቶ ጊዜ ቢቆለፍ መቶ ጊዜ።

"እንግዲህ አንቺ መላ አታጪም። ጎበዝ ነሽ" ብሎ ዘጋ።

ጎበዝ ነሽ... ይቺን ቃል ስሰማ ትከሻዬን ያመኛል።

የካቲት 9

ሴንትራል ሎክ ገዛሁ። በሪሞት አራቱንም በር ባንዴ የሚቆልፍ። ጋራዥ ያለው ኤሌትሪሺያን "መኪናዋን ሳምንት ያህል ተይልኝ" አለ። የት ልተዋት? ያለሷ አባዬ ሐኪም ጋ፣ መጋረጃው ደንበኛ ጋ አይደርስም። ራሴ እገጥመዋለሁ። ሽቦ ከክር በምን ይለያል? ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ።

የካቲት 11

ገጠምኩት! ቪዲዮ እያየሁ፣ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ። የበሩን ሽፋን ስፈታ ጣቴን ቆረጥኩ። ፖዘቲቩን መስታወቶቹን ከሚያወጣና ከሚያወርደው ፊውዝ ላይ ወሰድኩ፣ ቅርብ ስለሆነ። ኔጌቲቩን ዳሽቦርዱ ሥር ካገኘሁት ቡሎን ጋር አሰርኩ። የበሩን ገመድ በማጠፊያው በኩል አሾልኬ በናስትሮ ጠቀለልኩት። በመጨረሻ የሦስቱን በር ዘንጎች ነቅዬ አወጣሁ፣ አባዬ የሚስበው እንዳያገኝ። የኔ በር ላይ ያለችውን ብቻ ተውኩ።

ሪሞቱን ስጫን... ጧ! አራቱም። እንደ ሕፃን ደጋግሜ ተጫንኩት።

የኔ በር የውስጥ እጀታው ከተሰበረ ቆይቷል። መስታወት አውርጄ፣ እጄን አውጥቼ በውጭ ነው የምከፍተው። ሳሠራው ሳሠራው ቀረ። ለምጄዋለሁ።

የካቲት 12

አባዬ መንገዱን ሙሉ እጀታውን ሲስብ ዋለ። አልተከፈተለትም። ዞር ብሎ አየኝ። ለምን ዓይኑን ሸሸሁት?

የካቲት 15

ጠዋት ቁልፍ ባዞር ባዞር... ድምፅ የለም። ባትሪው ሞቷል። ጎረቤቴ በሱ መኪና አስነሳልኝ። "መብራት ረስተሽ አድረሽ ነው" አለ። አልረሳሁም።

የካቲት 16

ደግሞ ሞተ። ጎረቤቴን እንደገና ላስቸግር አፈርኩ፣ ግን አስቸገርኩ።

አዲስ ነገር ደግሞ መጣ። ወደ ግራ ፍሬቻ ሳበራ በሮቹ አብረው ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላሉ። ይቆለፋሉ፣ ይከፈታሉ። አባዬ ሳቀ። ስንት ጊዜዬ ነው ሲስቅ ካየሁት... እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ በሮቹ ተከፍተው ቀሩ፣ እሱም እግሩን ወደ ውጭ አወጣ። ሳቄ ጠፋ።

የካቲት 19

የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ተዋስኩ። አባዬ ሲያሸልብ ወደ መኪናዋ ወረድኩ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ ቴስተሩን መሀል አስገባሁ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ እያለ መኪናዋ መብራት ትበላለች። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ቁጥሩን አየሁ። ሬዲዮ... አይደለም። የውስጥ መብራት... አይደለም። የመስታወቶቹን ስነቅል ቁጥሩ ወደቀ። የኔው ሥራ ነው እንግዲህ። ሌላ ጥፋተኛ የለም።

ታዲያ ለምን? ኔጌቲቩን ያሰርኩበትን ቡሎን ፈታሁት። ከሥሩ ቀለም! ብረት መስሎኝ ያሰርኩት ቀለም ላይ ነው። ሽቦው በቅጡ አልነካም፣ መብራቱም መመለሻ ሲያጣ ከቁልፉ ጋር በተገናኘው ፍሬቻ በኩል ይሽሎከሎካል፣ የቁልፉ መቆጣጠሪያ ሳጥንም እንቅልፍ አጥቶ ባትሪዬን ሲጠባ ያድራል። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አጥብቄ አሰርኩ።

ቁጥሩ ወረደ። ብቻዬን ዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሜ "እሰይ!" አልኩ።

የካቲት 20

በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ፍሬቻውም ጨዋ ሆነ።

ለወንድሜ ደወልኩ። ልለው ያሰብኩት "ለጥቂት ጊዜ አንተ ጋ ይሁን፣ ደክሞኛል" ነበር። መጀመሪያ የመኪናዋን ነገር አወራሁት። "አላልኩም? አንቺ እኮ ወንዶቹን ታስንቂያለሽ!" አለ። ከዚያ በኋላ እንዴት ደክሞኛል ይባላል? ሚስትህን ሰላም በልልኝ ብዬ ዘጋሁ።

የካቲት 23

ምንም የለም። ሰፋሁ፣ አጠብኩት፣ አበላሁት፣ ሰፋሁ።

የካቲት 27

አባዬን አሁን አስተኛሁት።

ደንበኛዬ ሕንፃ ጀርባ ያለው መኪና ማቆሚያ ገባሁ። ቀትር ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው የለም። ሞተር አጠፋሁ። ልወርድ መስታወት ልከፍት ስል... አልወርድም አለ። በአባዬ በኩል ሞከርኩ። ዝም። ሪሞቱን ተጫንኩ። ዝም። ሁለቱም የተንጠለጠሉበት ፊውዝ ተቃጥሏል። ትርፍ ፊውዝ? ቤት፣ ከቴስተሩ ጋር። ስልኬስ? እሱም ቤት፣ ቻርጅ ላይ።

የኔን በር ዘንግ ወደ ላይ ሳብኩ። ቁልፉ ተከፈተ። ግን እጀታው ስብር ነው፣ በምን ልክፈተው? የአባዬ በር ተቆልፏል፣ ዘንጉን ነቅዬዋለሁ። የኋላዎቹንም። አንድም የሚሳብ ነገር አልተውኩም። ጎበዝ ነኛ!

ክላክሱ ድሮም ደስ ሲለው ነው የሚጮኸው። ዛሬ ደስ አላለውም። ጫማዬን አውልቄ መስታወቱን ደበደብኩ። ተረከዙ ተነቀለ እንጂ መስታወቱ ንክች አላለም። አንድ ሰውዬ ስልክ እያወራ አለፈ። እጄን አወናጨፍኩ፣ ጮህኩ። እሱም እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ። ሰላም ብሎኝ ሄደ!

የአባዬ ሸሚዝ በላብ ተጣብቋል። ከንፈሩ ደርቋል። እጀታውን ይስባል፣ ይስባል።

"ረዳት! ወራጅ አለ!"

"አዎ አለ!" ብዬ ጮህኩበት። "እኔ ነኝ ወራጇ! እኔ! መውረድ እፈልጋለሁ! አውርደኝ!"

በሕይወቴ እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እጀታውን መሳቡን ተወ። እጁን ማጅራቴ ላይ አሳረፈ።

"ቁልቁለት ላይ ነን። እዚህ አይቆምም" አለ። "ትንሽ ቻይ፣ ልጄ።"

ልጄ አለኝ። ረዳት አላለኝም። ያን ያህል ጊዜ ስጠብቃት የነበረችው ቃል እዚያ ምድጃ ውስጥ መጣች፤ ደስ ይበለኝ ወይ ልበድ?

የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴትዮ ብቅ አለች። በምልክት ወደኔ በር ጠቆምኩ፣ በሁለት እጄ ለመንኳት። ተጠራጥራ ቀረበች። የውጭ እጀታውን ያዝ፣ ሳብ... ተከፈተ። ነፋስ ገባ።

"ውይ፣ ክፍት ነበር እኮ እህቴ!" አለችኝ።

ክፍት ነበር። ምን ብዬ ላስረዳት? አባዬን ደግፋ ጥላ ሥር አስቀመጠችልኝ። ከዘንቢሏ ብርቱካን አውጥታ ላጠችለት።

መጋቢት 1

ኤሌትሪሺያኑ የበሩን ማጠፊያ አሳየኝ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዴን ሲያኝከው ከርሟል፤ ሽቦው ተገልጦ ብረት ሲነካ ፊውዙ ተቃጠለ። "ያለ መከላከያ ጎማ አሳለፍሽው። ስፌትሽ ግን ቆንጆ ነው" ብሎ ሳቀ። ሁሉንም ፈትቶ አወጣው። ዘንጎቹን መለሰ። የኔንም እጀታ ቀየረ።

"ቁልፉንስ በሥርዓት ልግጠምልሽ?"

"አይ" አልኩ። ለራሴም ገረመኝ።

መጋቢት 2

ለወንድሜ ደወልኩ። መኪናዋን አላነሳሁም።

"ና።"

"ምን ተፈጠረ?"

"አልቻልኩም። ና።"

"አንቺ እኮ..."

"ጎበዝ አይደለሁም። ጎበዝ ነሽ ካልከኝ እዘጋዋለሁ። ና፣ አባትህን ውሰድ።"

"ሚስቴን ላማክር" አለ። አማክር። ዘጋሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 8

መጣ። አባዬ በልጅነት ስሙ ጠራው! ቅናት ነው መሰለኝ የተሰማኝ። መኪናዋን ሰጠሁትና ሐኪም ጋ አንተ ውሰደው አልኩት። ሲመለሱ ወንድሜ አመድ መስሏል። ሸሚዙ እጅጌው ላይ ተቀዷል።

"በሩን ከፈተው እኮ... ድልድይ ላይ!"

"አውቃለሁ።"

"እንዴት አልነገርሽኝም?"

አየሁት። እሱም ምን እንዳለ ገባው። አንገቱን ደፋ። "ነግረሽኛል" አለ፣ ቀስ ብሎ።

መጋቢት 11

አባዬ ሄደ። ክረምት እስኪገባ እነሱ ጋ፣ ከዚያ እኔ ጋ። ልብሱን ስሸክፍ "መንገድ አለን?" አለኝ። "አለህ" አልኩት። በወንድሜ መኪና ከኋላ፣ ልትወስደው ከመጣችው ሚስቱ አጠገብ፣ ሳያንገራግር ተቀመጠ። እጇን ይዛው ነበር። እኔ ለምን አልታዘዘኝም?

መጋቢት 19

መጋረጃ ሰቅዬ ወጣሁ። ደንበኛዋ ወደደችው። የሚጠብቀኝ የለም። መኪናዋን ሐይቅ ዳር አቆምኩና ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥኩት። ትንሽ ዓይኔን ልክደን ብዬ... እንቅልፍ ይዞኝ ጠፋ። ስነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ደንግጬ ስልኬን አየሁ። የደወለ የለም። ማንም አልፈለገኝም።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝና ዳቦ ልገዛ ተነሳሁ።