ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ ፈህሚያ

ረውዳ፣

ተኝተሽ ስለነበር አልቀሰቀስኩሽም። ፈረቃዬ ወደ ጠዋት ስለዞረ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። የኢንተርኔቱ የሂሳብ ትምህርት ዛሬም እኔ ሳልኖር ይጀመራል።

ስልኬን መስኮቱ ሥር፣ ጄሪካኑ አናት ላይ ትቼዋለሁ። እንዳታነሺው፤ ከዚያ ከወረደ ኔትወርኩ ይጠፋል። ዳቦው ተከድኗል። ግማሹ ያንቺ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ማን እንደበላው አትጠይቂኝ።

የኢንተርኔቱ መምህር ሰኞ ዕለት መልእክት ልኮልኛል። «ፈህሚያ፣ ጥያቄዎቹን ሁሉ መለስሽ! በመጨረሻ ትምህርቱ ገባሽ ማለት ነው» ይላል።

እኔ እኮ ስሜ ሲጠራ «አቤት» በይልኝ ነው ያልኩሽ።
ጥያቄውን መልሺልኝ አላልኩሽም።
ምነው ዝም ብለሽ ብትቀመጭ?

አባቴ፣ ያው አጎትሽ፣ እስከ ኮሶዬ ድረስ ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄ በሁለት ትምህርት ቤት ትማራለች» እያለ ያወራል። ያቺ ልጁ ባንዱ ዴስክ ላይ ተደፍታ ትተኛለች፤ በሌላው ያለሽው አንቺ ነሽ። እንዲህ ያለ ጉብዝና በጎንደር ታይቶ አይታወቅም።

ከሰኞ ጀምሮ ያኮረፍኩሽ ለዚህ ነው። ጥርሴን አሞኛል ያልኩሽ ውሸት ነው። ያመጣሽልኝን ቅርንፉድ ግን እንደ እውነተኛ በሽተኛ ሳኝክ ሰነበትኩ።

ዛሬ ስሜ ሲጠራ ዝም በይ። «ቀርታለች» ብሎ ይጻፍብኝ።
ስልኩን ግን አትዝጊው። እስከ መጨረሻው አዳምጪና ማታ አንቺ ታስረጂኛለሽ።
መምህሩ ሲያስረዳ አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

ፈህሚያ
(ሰነፏ)