ሦስት ጊዜ ታርዶ ስለሚያርሰው በሬዬ

ለተከበሩ የጦሩ ስንቅ ተቆጣጣሪ ጓድ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንደ በሬዬ እንደ ቦራ ትከሻ ይጽና፤ ዓይንዎንም መድኃኔዓለም ይጠብቅልዎ፣ የምጽፈውም ስለ ዓይንዎ ነው። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል የጻፍኩት እኔ ደብሪቱ ነኝ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ይነበብልኝ።

አንደኛ፤ ለጦሩ ስንቅ ሊያቀርብ የተዋዋለው ነጋዴ ያርጋል «እማማ፣ በሬሽን ለአንድ ቀን አውሽኝ» ብሎ ቦራን ወሰደ። እርስዎም መጥተው አዩት፣ ዳበሱት፣ «ዛሬ ማታ ከሊማሊሞ በታች ላለው ጀግና ሠራዊታችን ይታረዳል!» ብለው አስጨበጨቡን። እኔም አጨበጨብኩ፤ የማን በሬ እንደሆነ ያየሁት ካጨበጨብኩ በኋላ ነው። ማታ ቦራ በእግሩ ቤቱ ገባ። ስለ ትንሣኤው እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ በጥር ደግሞ ታረደ። አላውስም ብል ያርጋል «ፀረ አብዮት ልትባይ ነው» አለኝና በሚያዝያም ታረደ። እርስዎ ግን «ይኼኛውስ ካለፈው ይሻላል» አሉ። ግንባሩ ነጭ፣ አንድ ቀንዱ ሰባራ በሬ በአገሩ ስንት አለ፣ ጌታዬ? ቦራ እንኳ ለይቶዎት እጅዎን ላሰ። ያርጋል ቤት የቀረበልዎ ዶሮ ግን እንደ ቦራ አልተመለሰም፤ ላባውን አይቻለሁ።

ሦስተኛ፤ ዋናው ይኼ ነው። በሚያዝያው ጊዜ ቁጥጥሩን ላጥብቅ ብለው የቦራን ጭን በቀይ ቀለም የጦሩን ማኅተም አስመቱት። ይባረኩ። ታዲያ የሱንና የኔን በሬ አቀናጅቶ የሁለታችንን መሬት የሚያርሰው ጎረቤቴ አገኘሁ «የመንግሥት ሥጋ ጠምጄ ልታሰር?» ብሎ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ደርሷል፣ ገብሴ ከጎታ አልወጣም፣ መሬቴ ጦሙን ሊያድር ነው። ስለዚህ ወይ «በሬው የደብሪቱ ነው» ብለው በሰው ፊት ይናገሩልኝ፣ ወይ መጥተው የቀንበሩን አንድ ወገን እርስዎ ይያዙልኝ።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣ የእግዜርንም ሰላምታ ለጥንቃቄ ጨምሬ፣ ለማያልቀው ትጋትዎ እጅ የምነሳ፤

ደብሪቱ፣ የሟቹ በሬ ባለቤት
ከደባርቅ

የረሳሁት፦ የልጅ ልጄ ዋሴ እዚያው ከሊማሊሞ በታች ወታደር ነው። «እማማ፣ ሥጋ የምናየው ገላችንን ስንታጠብ ነው» ብሎ ልኮልኛል። ቦራ የግድ ይታረድ ካሉ አልሰስትም፤ ራሴ እየነዳሁ ሊማሊሞን እወርዳለሁ፣ ልጆቹ ሲበሉም ቆሜ አያለሁ። ብቻ ለሚመጣው ቁጥጥር ያርጋል የማንን በሬ እንደሚያሳይዎ ከወዲሁ ተመካከሩ።