በገናህን አወረድኩት

አባዬ፣

ይኸው ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህ ሁዳዴ ውስጥ ስለዋለ በሽሮና በምስር አወጣነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶልሃል። እማዬ ደህና ናት። የጓሮው ጌሾ አድጎ አጥሩን አልፏል። እኔም እንደተመኘኸው ቅርብ ነኝ፤ ውጫሌ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ እመጣለሁ።

ሳልነግርህ የቀረ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ጫፉ ወደ ታች የዞረ ሦስት ማዕዘን ሣለ። ምልክቱ ናብላ ይባላል፣ ቅርጹ በጥንት ዘመን ናብላ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ስለሚመስል ነው አለን። ከዚያ በኋላ ያለው አንድም አልገባኝ። ከላይ ቀንበሩ፣ በግራና በቀኝ ምሰሶዎቹ፤ የማየው ያንተን በገና ነበር። ደብተሬ ላይ አሥር ጅማት ሣልኩበትና ለፋሲካ ላሳይህ አስቀመጥኩት። ከፋሲካው በፊት ለቀብርህ መጣሁ።

ለምን ላሳይህ እንደጓጓሁ ታውቃለህ። የቀበሌው ካድሬ በገና የመሳፍንት መጫወቻ ነው፣ ጊዜው አልፏል ሲል ሰምቼ ቤት ገብቼ ያንኑ ደገምኩልህ። ልታስተምረኝ ያስታቀፍከኝን በገና ገፋሁት፤ ቁጥር ይበቃኛል አልኩህ። አንተም ግድግዳው ላይ መልሰህ ሰቀልከው። በነጋታው ወደ ዩኒቨርሲቲ ስሄድ ሣጥኔን ተሸክመህ ደሴ ድረስ ሸኘኸኝ። ምነው በተቆጣኸኝ ስል ኖሬያለሁ።

ከሙት ዓመትህ ማግስት በገናህን አወረድኩት። ሦስቱ ጅማት ተበጥሷል። አቧራውን ስጠርግ በየጅማቱ ሥር የተወሸቁት ቁራጭ ቆዳዎች ቆሻሻ መስለውኝ ለቅሜ ጣልኳቸው። የተማረው ልጅህ ይኸው ነው። ስደረድረው ድምፁ ድርቅ አለ። ጋሽ ሰይድ በግድግዳው ማዶ ሰምቶ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያንተን በገና የሰማ ጆሮ ነውና፣ የሚነዝረው የት ሄደ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ነዛሪዎቹ እነዚያ ቁራጭ ቆዳዎች ኖረዋል፤ እንዚራዎቹን ከጥራጊው ውስጥ እየሳቀብኝ አብረን ለቀምን።

ከዚያ ቤቱ ሄዶ አንድ የጨርቅ ጥቅል ይዞ ተመለሰ። ውስጡ ተፈትሎ የደረቀ ጅማት ነበር፣ አሥር። የአረፋ በግ ባረደ ቁጥር ጅማት እንድትፈትልበት አንጀቱን ላንተ ነበር የሚያመጣው። የእስላም እርድ ነው ብለው ሲያሙህ፣ ልበላው ነው እንዴ፣ ልደረድረው እንጂ ትላቸው ነበር። እኔ ከሄድኩ በኋላ ግን በየዓመቱ ለእኔ እየፈተልክ እሱ ዘንድ ታስቀምጥ እንደነበር አላወቅሁም። ልጄ የመጣ ቀን ጾም ከሆነ አንጀት ከየት ያገኛል ብለኸው ኖሯል። ደግሞም በገናውን ራሱ ካላወረደ እንዳትሰጠው፣ ግድ አይሁንበት ብለኸዋል። ጋሽ ሰይድ ዓመቱን ሙሉ አፉን ይዞ ጠበቀኝ።

አለቀስኩ አባዬ። ተቀይመኸኝ የሞትክ መስሎኝ ስኖር፣ አንተ ለካ ጅማት ትፈትልልኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ለሞተ ሰው ይባል አይባል አላውቅም፤ እኔ ግን እልሃለሁ።

አሥሩንም ቀይሬዋለሁ። ቅኝቱ ገና አልሰመረልኝም፤ ጋሽ ሰይድ በግድግዳው ማዶ እያረመኝ ነው። ያቺን የደብተር ገጽ የበገናው ገበቴ ሥር ለጥፌልሃለሁ። በገናውን ባቀፍኩ ቁጥር አስብሃለሁ። ለሚመጣው አረፋም አንጀቱን እኔ ተቀብዬ እፈትላለሁ። ለማን እንደሚሆን አላውቅም፤ ጨርቅህ ግን ባዶውን አይቀመጥም።

ልጅህ