ከመርዶው በኋላ የሚነበብ

ጂማ፣ ጊንጆ
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለልያ፣

ይህን ወረቀት የአባትሽ የሥራ ባልደረባ ቲጃኒ አዲስ አበባ ድረስ ይዞልሽ ይመጣል። ረቡዕ ንጋት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤትሽ ገብተው መርዶውን ከነገሩሽ በኋላ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ አባትሽ ማረፉን አውቀሻል ማለት ነው። ጌታ ያጽናሽ፣ ልጄ።

ሐሙስ ጠዋት የመስኮት ፍሬም ሲበይድ ወደቀ። ደም ግፊት ነው አሉ። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ፣ ዓርብ ቀበርነው። ያልጠራሁሽ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አትውቀሺ። የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን ልጆች በስልካቸው ምንም እንዳይለጥፉ የለመንኩም እኔ ነኝ።

ሰባት ዓመት ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስትሠሪ ኖረሽ፣ ከሥራ መልስ እየተማርሽ ሁለተኛ ዲግሪሽን ይዘሽ፣ እዚያው አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት ተማሪ ፊት አቁሞ ሊፈትንሽ የቀጠረሽ ለዛሬ ሰኞ ነበር። ይህ ካመለጠኝ ሌላ ዕድል የለም ብለሽኛል። ብትመጪ እሱ አይነሳ፣ ፈተናው ግን ይቀራል አልኩ። አሁን ሳስበው፣ በአንቺ ፈንታ እንድወስን ማን ፈቀደልኝ?

ቅዳሜ ስትደውዪ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ጎረቤታችን ሀጂራ ስምሽን ስልኩ ላይ አየችና "ጨል ጄዻ! ዝም በሉ!" አለች። ለቅሶው ቀጥ አለ።

"እማዬ፣ ምነው ጸጥ አለ? የአባባ ማሽን ዛሬ አይጮህም እንዴ?" አልሽኝ።

ይሄኔ አጠገቤ ሆኖ የሰማው ቲጃኒ ግቢያችን ወዳለው ወርክሾፕ ሮጦ ገብቶ የብረት መቁረጫውን አስነሳው። ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ሰው፣ የሚቆርጠው ብረት ሳይኖር፣ ማሽኑን በሁለት እጁ ይዞ እያለቀሰ ቆመ።

አንቺ ሳቅሽ። "በይ ይሥራ፣ አትጥሪው። አሁንም እንደተቆጣ ነው?"

"ያው፣ አባትሽን ታውቂው የለ" አልኩሽ።

ዛሬ ደግሞ "እማዬ፣ አለፍኩ! ተማሪዎቹ እኮ አጨበጨቡልኝ!" ስትይኝ እልል አልኩ። ለቀስተኛው ያበድኩ መስሎት ተሯሯጠ።

አሁን የምፈራው አንድ ነገር ነው። በጸጸት "አባባ አልወደደውም" ብለሽ የቅጥር ወረቀቱን ሳትፈርሚ እንዳትመልሺው። ሰው ሊያጽናናሽ ብሎ "መርቆሽ ነው የሞተው" ይልሽ ይሆናል። አልመረቀሽም። አንዴ ዋሽቼሻለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽሽም። "ከፎቅ ቢሮ ወርዳ ጠመኔ ልትይዝ? ለዚህ ነው ዓይኔን በብየዳ ያጠፋሁት?" እንዳለ ነው የሄደው። ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ ግን ራት ላይ "ፈተናዋ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት አልኩት። "ቁርስ ሳትበላ ነው የምትሄደው፣ አውቃታለሁ" አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ። የሰማሁት ይኸው ነው። አልጨመርኩበትም።

ፈርሚና ነይ። የምትቆጪኝንም እዚሁ መጥተሽ ተቆጪኝ፤ በስልክ አይሆንም።

የምታስተምሪያቸው ልጆች ይስሙሽ። ጌታ አንደበትሽን ይባርክ፤ በገባሽበት ሞገስ ይስጥሽ።

እናትሽ ታቢታ

ቲጃኒ እዚህ ጂማም ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር መምህር ይቀጥራል ይላል። የሰማሁትን ብዬ ነው እንጂ፣ አንቺ ያገኘሽው ይበልጣል። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።