ከሕፃናት ተረከዝ የተወሰደ የደም ጠብታ ሲመረምሩ የኖሩት የእህቴ የሕይወት ታሪክ

እህታችን በ1949 ዓ.ም. ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. በሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። የተበላሸ ኬሚካል ክዳኑ ሳይከፈት ስለሚያውቁ ባልደረቦቻቸው «አፍንጫ» የሚል ቅጽል አወጡላቸው፤ እሳቸውም ሲጠሩበት ሳይቀየሙ አቤት ይሉ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከመካኒክ ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀለሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገሉ። በአምስተኛው ቀን ልጁ ጡት እምቢ አለ፤ የሽንት ጨርቁም የተቃጠለ ስኳር ሸተተ። «ይሄ ሽታ ደግ አይደለም፣ እንውሰደው» አሉ። የማዋለጃ ክፍል ነርስ የነበረችው ታናሽ እህታቸው ግን «እታለም፣ አራስ ስለሆንሽ ነው ሁሉ ነገር የሚሸትሽ። ይልቅ ተኚ» አለቻቸው። አምነዋት ተኙ። በዘጠነኛው ቀን ልጁ አረፈ።

ከምግብ የሚገኙ ሦስት አሚኖ አሲዶችን የሚያፈርሰው ዲሃይድሮጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም በልጁ ሰውነት እንደማይሠራ ሐኪሞች ኋላ ደረሱበት። የእናቱ ወተት ራሱ መርዝ ሆኖበት ነበር። በጊዜ ቢደረስለት ግን በልዩ ወተት ያድግ ነበር።

ከዚያ በኋላ እህታችን አለቆቻቸውን ለምነው፣ ተከራክረውም የአራስ ሕፃናት ምርመራ አስጀመሩ። ለሃያ ስድስት ዓመታት ወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ሲመረምሩ ኖሩ። በ1981 ዓ.ም. የተወለደችውን ሴት ልጃቸውን ተረከዝ የወጉትም ራሳቸው ናቸው፤ ጤነኛ ነበረች። ያው ሕመም ያለባቸውን አራት ሕፃናት አግኝተው ሦስቱ ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል።

የባለቤታቸው ዘመዶች ግን «አፍንጫ ተብላ የልጇ ሽታ ጠፋት» ይሉ ነበር። እህታችን ለጠየቃቸው ሁሉ «እኔ ነኝ የዘገየሁት» ብለው ይመልሳሉ። ያቺ ነርስ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ አቀርቅራ ትሰማለች። ነርሷ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። የዘገዩት እሳቸው አልነበሩም።

ሁለት ዓመት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ አስታምሜያቸዋለሁ። በመጨረሻው ሳምንት እውነቱን ለባለቤታቸው ልንገር ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ እያለሁ አይሆንም፤ ሲጠላሽ ማየት አልችልም» አሉኝ።

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ያዳኗቸው ሦስቱም ዛሬ ከእኛ ጋር ቆመዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከልጃቸው ጎን ያሳርፍልን። የእህቴ ባልና ልጅ ሆይ፣ እስከዛሬ ዝም ስላልኩ ይቅር በሉኝ።