በሽማግሌ ፊት ያወጣሁት የሞተርህ ምስጢር

ጌታሁንዬ፣ ዓይኔ፣

ከተለየኸኝ ነገ አሥራ አንድ ወር ይሞላል። ተዝካርህ ደርሷል፤ እኔ ግን የሰነበትሁት በመኪናህ ጣጣ ስብሰለሰል ነው። ትቆጣኝ ይሆናል፤ ቢሆንም ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ስማ።

ዮሴፍ ልጃችን ከጻባ፣ ከእስራኤል ጦር፣ ተፈትቶ ቲራት ካርሜል ባለ ሙሳክ፣ መኪና መጠገኛ፣ ውስጥ መካኒክ ሆኗል። እጁ ያንተው ነው፤ ምላሱ የማን እንደሆነ እንጃ። ነጯ መኪናህ ላይ ሱፐርቻርጀር ካልገጠምሁ ብሎ ተነሣ። በቺንጋ እየዞረ ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ነገር ነው። «እማ፣ የካርሜልን ዳገት እንደ ሜዳ ነው የምትወጪው!» ይለኛል።

ወንድምህ ማሩ ደሙ ፈላ። «ሞተር በራሱ ሳንባ ይተንፍስ! ካርቡራቶሩን ማሳደግ፣ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ማስፋት፣ በቃ። ወንድሜ ፋብሪካ እንደ ሠራው ያቆየውን የሞተሩን ውስጥ ማንም አይነካካውም!»

ዮሴፍ ሆዬ፣ «አንተ እኮ ዛሬም የምትነዳው በቅሎ ነው» ብሎት እርፍ! ማሩን ከበቅሎው ይልቅ «አንተ» መባሉ አንገበገበው። እሱ ካለበት ተዝካር አልቀመጥም ብሎ ማለ።

ምን ላድርግ? ሽማግሌ ጠራሁ። የእኛ ሽማግሌ የድንበርና የትዳር እንጂ የሞተር ፍርድ መቼ ሰጥቶ ያውቃል! ክርያት ያም ባለው ቤታችን ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ዮሴፍ ሱፐርቻርጀሩን በፎጣ ጠቅልሎ አምጥቶ ፊታቸው አኖረው። ጎንደር ሳሉ ቀጥቃጭ የነበሩት አባ ተገኘ አገላብጠው አዩና፣ «ይኼማ ወናፍ ነው!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ወናፍ ጥፋት የለበትም። ምድጃውን ግን፣ ሞተሩን ማለቴ ነው፣ ሌላ ሰው ነክቶታል?» ብለው ጠየቁ።

«ማንም አልነካውም!» አሉ ሁለቱም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

አባ ተገኘ ለዮሴፍ ሊፈርዱ ሲሉ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በመኪና ስትፎካከሩ ማሩን በዳገት ለመቅደም ብለህ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ጉልበት እንዲጨምር በድብቅ እንዳስላጨህ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «አሁን እመቃው ከልኩ አልፏል፤ ትንሽ ቢጨመርበት ፒስተኑን ይበላዋል» ያልኸኝም አንተው ነህ። ለማንም ላልናገር ምዬልህ ነበር። ግን ልጃችን ከኋላው የወደብ ካሚዮን እየተከተለው ዳገት መሐል ሞተሩ ሲፈነዳ ታየኝ።

«ነክቶታል» አልሁ። «ባለቤቴ ነክቶታል።»

ማሩ ቀና ብሎ አየኝ። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በእጁ ጥበብ ነው የቀደመኝ እያልሁ አገሩን ሳዳርስ!» አለና ወጣ። ዮሴፍ ሞተሩን ከፍቶ ለካ፤ ቴስታታው እውነትም ተላጭቶ ቢያገኘው ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። ሱፐርቻርጀሩንም ሳልነግረው ወደ መጣበት መለሰው።

ትናንት ሁለቱ ካርቡራቶሩ ላይ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። ዮሴፍ «እርስዎ» ሲለው ሰማሁ። ማሩ ግን እኔን እስካሁን አላናገረኝም፤ ተዝካርህ ላይ መምጣቱንም እንጃ።

ሟች አይነቀፍም ይላሉ። እኔ ልጄን ከምቀብር አንተን ማጋለጥ መረጥሁ፤ ይቅር በለኝ። በዕለቱ ሰው ሲያሞግስህ ጻድቅ ነበር አልልም። እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ የማስታውሰው ወንድሙን አታልሎ ዳገቱን የወጣውን፣ እኔን በዓይኑ እየጠቀሰ በሳቅ የሚፈርሰውን ሰውዬን ነው። ያገባሁት እሱን ነውና።