ከቢሮዎ ደጃፍ ኮሪደር ላይ ስለምትቀመጠው ልጄ

ለተከበሩ የልጄ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ እንደሆነ፣ የደም ግፊትዎም በልጄ ምክንያት ከፍ እንዳላለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የሦስተኛ ክፍሏ “ነፋሷ” አባት ብል ቶሎ ያውቁኛል፤ ስሙን ያወጡላት እርስዎ ነዎትና። ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ ልጄ ትቀጥል ወይስ ትሰናበት የሚለውን እንደሚወስን ስለተነገረኝ፣ ቢሮዎ ስመላለስ ጫማዬ ከማለቁ በፊት በአደባባይ መጻፍን መረጥኩ።

በቅድሚያ ምስጋና። ሐኪሟ መርምራት፣ ችግሯ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ እንጂ ስንፍና ወይም ጥጋብ አለመሆኑን ስታስረዳዎ፣ “በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም” ብለው ስላሳረፉን እናመሰግናለን። እውነትዎን ነው፣ ስሙ አልነበረም። ልጆቹ ግን ነበሩ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ዕቃ ይጠፋባታል ወይ፣ የጀመረችውን ትታ ሌላ ትጀምራለች ወይ እያለች ስትጠይቀኝ ቆይታ ፊቴን አየችና፣ “አባትየው፣ ስለ እሷ ነው የሚመልሱልኝ ወይስ ስለ ራስዎ?” አለችኝ። መፍቻዬን በየደንበኛው ቤት ጥዬ የምመለስ፣ ሠፈሩ “ረሳሁት” እያለ የሚጠራኝ ሰው ነኝና “ስለ ሁለታችንም ነው” አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ሰነፍ እንዳልነበርኩ ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ።

ወደ አቤቱታዬ ስገባ፦

አንደኛ፣ ሐኪሟ “ፊት ወንበር ላይ፣ ከመምህሯ አጠገብ ትቀመጥ” ብትል፣ እርስዎ ትኩረት እንድትማር በማሰብ ከቢሮዎ ደጃፍ፣ ወላጁም ሠራተኛውም በሚተላለፍበት ኮሪደር ላይ ወንበር አዘጋጁላት። ልጄም እዚያ ሆና የትኛው መምህር አርፍዶ እንደሚገባ፣ የትኛው በጓሮ በር ሹልክ እንደሚል፣ ከምሳ በኋላ ከቢሮ የሚሰማውም ማንኮራፋት የማን እንደሆነ ለይታ አውቃለች። ትኩረት የላትም የሚለው ክስ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል።

ሁለተኛ፣ ስለተቁነጠነጠች ዕረፍት ተከልክላለች። ሮጣ ካልወጣላት መቀመጥ የማትችልን ልጅ እንዳትሮጥ ከልክሎ ትረጋጋለች ብሎ መጠበቅ፣ በእኔ ሙያ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ላይ ግፊት እንደ መጨመር ነው።

ሦስተኛ፣ የሳይንስ መምህሯ ቆማ እንድትሠራ ፈቅዳላት፣ ደብተር እያሳደለቻት፣ ትእዛዙንም አንድ በአንድ እየነገረቻት፣ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈተናዋን እስከ መጨረሻው ሠርታ ነበር። እርስዎም ሳይውል ሳያድር መምህሯን “የክፍል ሥርዓት በማፍረስ” አስጠነቀቁልን። ሌላው ጉዳያችን ሁሉ እንዲህ ቢፈጥን ምን ነበረበት!

አራተኛ፣ ደክሞኛል። ይህ አቤቱታ አይደለም፤ ቁጥር ካልተሰጠው አይነበብም ብዬ ነው።

ሰሞኑን ልጄ ክፍል ውስጥ ዝም ማለቷን ሰምተው “ለውጥ አለ” ማለትዎ ደርሶኛል። አዎ፣ አለ። ቤትም ዝም ብላለች። ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየደራረበች “እስቲ ፋታ ስጪኝ” የምታሰኘኝ ልጅ፣ አሁን ራቷን በልታ፣ አንገቷን ደፍታ ትተኛለች። የሰጡኝን ፋታ ቢወስዱልኝና ልጄን ቢመልሱልኝ ውለታዎን አልረሳም፤ ምንም እንኳ የምረሳ ሰው ብሆን።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ከክፍል አያስወጧት፤ ፊት ያስቀምጧት፤ ዕረፍቷን ይመልሱላት። እኔን በልጅነቴ መምህሮቼ “ይሄ አይገባውም” ብለው ከስድስተኛ ክፍል ሲያሰናብቱኝ አቤት የሚልልኝ ሰው አልነበረም። እሷ ግን አባት አላት።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማይናወጠው ጥብቅነትዎና በልጆቻችን ጫጫታ ላይ ለተቀዳጁት ድል ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በመግለጽ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
የኮሪደሯ ተማሪ አባት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ልጄም ሰኞ ኮሚቴው ፊት እንድትቀርብ ባዘዙት መሠረት ነግሬያታለሁ። እሷም “አባዬ፣ እስከ ሰኞ ሌላ ልጅ ብሆንላቸው አያባርሩኝም?” ብላ ጠየቀችኝ። የተማሩት እርስዎ ነዎትና፣ ሰኞ ዓይን ዓይኗን እያዩ ይመልሱላት።